የድሮ ላንድክሩዘር ዳሽቦርድ ሳይበሳ ተጨማሪ ጌጅ ስለ ማስገባት

የፒያሳው ባለ 40

ጤና ይስጥልኝ። ያለኝ መኪና በ1978 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቶዮታ ላንድክሩዘር ቢጄ 40 ሲሆን ሞተሩ ባለ 3 ሊትሩ ናፍጣ «ቢ» ነው። ከአባቴ የተረከብኩት ሲሆን ዳሽቦርዱ እስከ ዛሬ ምንም አልተነካም፤ ሬዲዮ እንኳን አልገባበትም፣ የብረቱ ቀለምም የፋብሪካው ነው። የፋብሪካው የውሃ ሙቀት ጌጅ (መለኪያ) ቁጥር የለውም፤ ያለው «ሲ» (ቀዝቃዛ) እና «ኤች» (ሙቅ) ብቻ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ መርፌው ከመሃል ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያ «ትንሽ» ግን 90 ዲግሪ ይሁን 105 የማውቅበት መንገድ የለኝም። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ከተቃጠለ በኋላ ማወቅ ደግሞ ምንም አይጠቅምም።

ስለዚህ 52 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው የውሃ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና የቮልት ጌጆችን ማስገባት እፈልጋለሁ፤ ከተቻለም የጭስ ሙቀት ጌጅ እጨምራለሁ። የጠየቅኳቸው ባለሙያዎች ሁሉ መልሳቸው ዳሽቦርዱን በትራፓኖ መብሳት ነው። እኔ ደግሞ አንድም አዲስ ቀዳዳ እንዲወጣበት አልፈልግም፤ ነገ ጌጆቹ ቢወጡ መኪናው ዛሬ እንዳለው ሆኖ መገኘት አለበት። ይህን የሠራችሁ ካላችሁ መንገዱን ብታሳዩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ሽቦ ሠራተኛ፣ ሶማሌ ተራ

ወንድሜ፣ የያዙት አቋም ትክክለኛ ነው፤ እንዳይለቁት። የእነዚህን መኪኖች ኤሌክትሪክ በመሥራት ነው የምተዳደረው፤ ተበስተው በስታኮ የተደፈኑ ዳሽቦርዶችን ሳይ ሁልጊዜ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ መበሳት አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከቦታው በፊት ግን ስለ ቮልቱ ያጣሩ። ከናፍጣዎቹ 40ዎች አንዳንዶቹ ከፋብሪካ የወጡት በ24 ቮልት ነው። ሁለት ባትሪ መኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጎን ለጎን ተያይዘው 12 ቮልት የሚሰጡም አሉና። ሞተሩ እንደጠፋ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ በቴስተር ይለኩ፤ 12.6 አካባቢ ካገኙ 12 ቮልት ነው፤ 25 አካባቢ ካገኙ 24 ነው። 24 ከሆነ ብዙዎች የሚያደርጉትን፣ ማለትም ከሁለቱ ባትሪዎች የአንዱን ብቻ 12 ቮልት መውሰድን፣ እንዳያደርጉ። አንዱ ባትሪ ዘወትር ሲጎድል ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። ወይ ለከባድ መኪና የሚሸጡትን ባለ 24 ቮልት ጌጆች ይግዙ፣ ወይ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ያስገቡ።

ሁለተኛው ነገር ኃይሉን የሚወስዱበት ቦታ ነው። በ40 ሲሪዝ ላይ የነዳጁ ጌጅ በውስጡ ቮልት የሚቆጣጠር ትንሽ መሣሪያ አለው፤ እሱም ለራሱና ለውሃው ጌጅ በአማካይ 7 ቮልት ያህል እየቆራረጠ ይሰጣል። ሽቦ ሠራተኛው ሳያውቅ አዲሱን ጌጅ ከዚያ መስመር ካያያዘው መርፌው ሲዋዥቅ ይውላል፤ የፋብሪካዎቹ ጌጆችም አብረው ይዛባሉ። ስለዚህ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ የፊውዝ ሳጥን መስመር ይውሰዱ፤ ባለ 3 ወይም ባለ 5 አምፔር የራሱ ፊውዝ ይኑረው፣ ፊውዙም ለምንጩ የቀረበ ይሁን። የፋብሪካውን ሽቦ እየላጡ በናስትሮ መጠቅለል ደግሞ ዳሽቦርድ ከመብሳት አይሻልም፤ ወንድና ሴት ማገናኛ ያለው ቅጥያ ይሥሩ፣ ሲፈለግ ይነቀላል።

ወደ ቦታው ስመለስ፣ ለእርስዎ መኪና የምመርጠው የመሪውን ዘንግ ነው። በ40 ላይ ከዳሽቦርዱ በታች ያለው የመሪ ዘንግ መሸፈኛ ቱቦ ክብና ገላጣ ነው። ከ2 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ጌጆቹን የሚይዝ ትንሽ ሰሌዳ ያስቆርጡና በሁለት ፋሸታ (ማሰሪያ ቀለበት) ቱቦው ላይ ያሳስሩት፤ በፋሸታውና በቀለሙ መካከል የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ይግባ። ሁለተኛው አማራጭ የሲጋራ መተርኮሻው ነው፤ ሳጥኑ ሲወጣ የሚቀረው ክፍት ቦታ ከኋላው ሳህን ተደርጎለት አንድ ጌጅ ይይዛል፤ መተርኮሻውን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት። ሦስተኛው በዳሽቦርዱ የታችኛ ከንፈር ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ በእነሱ ላይ የሚንጠለጠል ማቀፊያ መሥራት ነው፤ ይህ ግን ጉልበት እንዳይነካ በካርቶን ሞዴል መሞከር አለበት። በሁለት ፊት በሚጣበቅ ፕላስተር ማጣበቅን አልመክርም፤ አርባ ዓመት ያለፈውን ቀለም ሲነሳ ይዞት ይነሳል።

ባለ ላንድሮቨር፣ ልደታ

እኔ ያለኝ ሲሪዝ ቱ ኤ ላንድሮቨር ስለሆነ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል፤ ሐሳቡ ግን ለሁሉም ይጠቅማል። በእኛ መኪኖች ላይ የጌጆቹ ሰሌዳ መሃል ላይ ሆኖ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። እኔም አውጥቼ ካርቶን ላይ ሥዕሉን ወሰድኩ፤ ከዚያም በልኩ አዲስ አሉሚኒየም ሰሌዳ አስቆርጬ ጌጆቹን ሁሉ እዚያ ላይ አሰፈርኩ። የፋብሪካው ሰሌዳ ከነጽሑፉ ቤት ተቀምጧል፤ አዲሱ ሰሌዳ እንደፈለጉ ቢበሳ ማንም አይጎዳም። ላሜራውን ለማግኘት ምናለሽ ተራ በቂ ነው፤ ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም።

ሲሪዝ ላንድሮቨር ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከ1967 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፊት የተሠሩት ከፋብሪካ ሲወጡ ከአካሉ ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር። አንዳንዶቹ በኋላ ተቀይረዋል፣ አንዳንዶቹ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያው ናቸው። የዛሬ ኤሌክትሮኒክ ጌጆች ኔጌቲቩ ከአካሉ ጋር ለተገናኘ መኪና የተሠሩ ስለሆኑ ሳያረጋግጡ ማያያዝ ጌጁን በቅጽበት ያቃጥለዋል። መኪናችሁ እንደዚያ ከሆነ የካፒላሪ (በጣም ቀጭን) ቱቦ ያላቸው ሜካኒካል ጌጆች ይሻላሉ፤ ከመብራታቸው በስተቀር ኤሌክትሪክ አይፈልጉም።

የቶርኖ ቤት ሰው

ሁሉም ስለ ጌጁ ይነጋገራል፤ መኪና የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ የሚገባው ሴንሰር ነው። ቶዮታ ለዘይት ግፊት የሚጠቀምበት ጥርስ የእንግሊዙ ሾጣጣ አንድ ስምንተኛ ሲሆን በአንድ ኢንች 28 ጥርስ አለው። ከአሜሪካ የሚመጡት ጌጆች ሴንሰር ደግሞ የአሜሪካው አንድ ስምንተኛ ነው፤ እሱ በአንድ ኢንች 27 ጥርስ ነው። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በእጅ ይገባል፤ ከዚያ ይጠነክራል፤ ባለሙያውም «ያዘ» ብሎ በቁልፍ ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ የብሎኩ ጥርስ ተበላሸ ማለት ነው። የብሎክ ጥርስ ደግሞ እንደ ሴንሰር ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ነገር አይደለም። መፍትሔው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር የነሐስ አዳፕተር ነው፤ ማንኛውም ቶርኖ ቤት ይሠራዋል፤ ዋናው ጥርሱን በጥርስ መለኪያ ማረጋገጥ ነው።

የፋብሪካው ጌጅ መሥራቱን እንዲቀጥል ከፈለጉ፣ መቀጠልም አለበት፣ የቲ ቅርጽ ያለው ማገናኛ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ሁለት ሴንሰር የተሸከመ ቲ በቀጥታ ብሎኩ ላይ አይታሰር። የ«ቢ» ሞተር ንዝረት ቀላል አይደለም፤ ያ ክብደት በቀጭን ነሐስ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ አንገቱ ላይ ይሰበራል፤ ዘይቱም ግፊት ይዞ ይወጣል። ከብሎኩ የሚነሳ ዘይት የሚችል ተጣጣፊ ቱቦ ይኑርና ቲው ራቅ ብሎ በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለ ነባር ብሎን ይታሰር። በዚህ ጊዜ ሴንሰሮቹ ከሞተሩ ጋር በብረት ስለማይገናኙ ከቲው ወደ ሞተሩ አካል የሚሄድ የኔጌቲቭ ሽቦ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ከተረሳ ጌጁ ምንም አያሳይም ወይም ያልሆነ ነገር ያሳያል። ነጭ ቴፍሎንም በዝቶ ከተጠቀለለ ያው ችግር ይመጣል።

የካዛንቺስ ነዋሪ

በመልካም ጊዜ የተከፈተ ውይይት ነው። የእኔ ኤፍጄ 40 ነው፤ ሞተሩም ባለ 4.2 ሊትር ቤንዚን ቱ ኤፍ ነው። በመሪው ዘንግ ላይ የሚታሰረውን ሰሌዳ አሠርቼ የማኒፎልድ ቫኪዩም ጌጅ አስገብቻለሁ። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ መርፌው 12 ኢንች (የሜርኩሪ) አካባቢ ላይ ይቆማል። የመጽሐፉ ቁጥር ግን ከ18 እስከ 20 ነው። አንድ መካኒክ የፒስተኑ ቀለበት አልቋል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት ብሎኛል። ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ግን አልተለካም፤ ዘይትም አይበላም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኢንጂነር ዘ ሜክሲኮ

እህቴ፣ ሞተሩን እንዳታስከፍቺ። ቫኪዩም ጌጅ የሚለካው በውጭው አየርና በማኒፎልዱ ውስጥ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የውጭው ግፊት ሲያንስ ንባቡም አብሮ ያንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 1 ኢንች ገደማ ይቀነሳል። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ከ7 እስከ 8 ኢንች ይጠፋል። በባሕር ጠለል ላይ 19 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ11 እስከ 12 ያነባል። የአንቺ ቁጥር ሞተርሽ ደህና መሆኑን ነው የሚያመለክተው። ከቁጥሩ ይልቅ መርፌው መርጋቱን ተመልከቺ፤ በተመሳሳይ ምት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያን ጊዜ ቫልቭ ይፈተሻል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል መሆኑን ለመካኒኩ በትሕትና ንገሪው።

ይኸው ጉዳይ የጥያቄውን ባለቤትም ይመለከታል። ብዙ ሰው አዲስ የሙቀት ጌጅ ሲገዛ ሴንሰሩን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከቶ ይፈትነዋል፤ ጥሩ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጌጁ 92 ካሳየ ትክክል ነው ማለት ነው፤ 100 ካሳየ ነው ስህተቱ። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ጌጅ «ወደ ታች ያነባል» ተብሎ ለሻጩ ሲመለስ አይቻለሁ። ስትፈትኑ ከሴንሰሩ ነሐስ አካል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ማገናኘት እንዳይረሳ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ደግሞ ከፈተናው የበለጠ አሳሳቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን በካሬ ሴንቲሜትር 0.9 ኪሎ ግፊት ከያዘ በዚህ ከፍታ ንጹሕ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፤ በባሕር ጠለል ላይ ግን ወደ 119 ይደርስ ነበር። የክዳኑ ላስቲክ ካረጀና ግፊት መያዝ ካቆመ ግን ውሃው በ92 ይፈላል። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ብዙ ጊዜ በ82 ስለሚከፈት ያለን ትርፍ 10 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው፤ አንዲት የእንጦጦ አቀበት ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ከጌጁ ጋር አዲስ ክዳን ግዙ፤ ከጌጁ እጅግ ይረክሳል፣ ሥራው ግን ያነሰ አይደለም።

መንገደኛ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ። እኔ በእነዚህ መኪኖች እንግዳ ይዤ አባይ በረሃ ወርጄ የምወጣ ሰው ነኝ። መኪና የሥራ ዕቃ ነው። ጌጅ በዓይን ፊት መሆን አለበት፤ በጉልበት አጠገብ የተንጠለጠለ ጌጅ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁለት ወርዶ የደጀንን አቀበት ሲወጣ ማን ያየዋል? አንድ ንጹሕ ክብ ቀዳዳ በጥሩ መብሻ ከተበሳ ምን ጉዳት አለው? ቀዳዳ እንዳይወጣ ብሎ ጌጁን በማይታይ ቦታ ማስቀመጥ ትክክል አይመስለኝም።

ባለ ላንድሮቨር፣ ልደታ

ጌጅ መታየት አለበት በሚለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የማይታይ ጌጅ ካልገባ ጌጅ አይለይም። ነገር ግን ለዚያ ሲባል መብሳት ግድ አይደለም። በመሪው ዘንግ ላይ ያለው ሰሌዳ በመሪው ጎማ ክፍተት ውስጥ ይታያል፤ ከፋብሪካው ጌጅም ብዙ አይርቅም። ስለ «ንጹሕ ቀዳዳ» ግን አንድ ልበል፦ ቀዳዳ ሲደፈን ብየዳ ይነካዋል፤ ቀጭን ላሜራ በብየዳ ሙቀት ይጎብጣል፤ ጎባጣው በስታኮ ይሞላል፤ ከዚያ ዳሽቦርዱ በሙሉ ይቀባል። አንዴ ከተቀባ የፋብሪካው ቀለም ተመልሶ አይመጣም። እነዚህ መኪኖች ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከጃፓን አይወጡም፤ ያሉን እነዚሁ ናቸው፤ እየቀነሱም ነው።

ሽቦ ሠራተኛ፣ ሶማሌ ተራ

መንገደኛ ያነሡት ነጥብ ለሁላችንም ይጠቅማል፤ ስለዚህ መፍትሔ ልጨምርበት። ብዙ ሰው ሦስት ጌጅ በአንድ ረድፍ ይደረድራል፤ ይህ ግዴታ አይደለም። በሩቅ መንገድ ላይ ደጋግሞ የሚታየው የውሃው ሙቀትና የዘይቱ ግፊት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ በመሪው ዘንግ ላይ ይሁኑ። ቮልት በቀን አንድ ጊዜ ቢታይ በቂ ስለሆነ በመተርኮሻው ቦታ ይግባ። በተጨማሪ የውሃው መስመር ላይ የተወሰነ ሙቀት ሲደርስ የሚበራ ቀይ አምፖልና የሚጮኽ ደወል ቢገባ ዓይን ከመንገድ ሳይነሳ ጆሮ ይሰማል። እንግዳ ለሚያጓጉዝ ሰው ይህን ከጌጁም አስበልጬ እመክረዋለሁ።

የ40 የፊት መስታወት ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ የጌጅ መብራት በሌሊት እዚያ ላይ ያንጸባርቃል። ሰሌዳውን ትንሽ ወደ ሹፌሩ ማዘንበልና ከላዩ የጣት ስፋት ያለው ጥቁር ከንፈር ማድረግ ያስቀረዋል። የመብራቱን ሽቦ ከፋብሪካው የጌጅ መብራት መስመር በማገናኛ ይውሰዱ፤ ከፓርኪንግ መብራት ጋር አብሮ ይበራል።

የፒያሳው ባለ 40

የሁላችሁንም ምክር በጥሞና አነበብኩ። በቴስተር ለክቻለሁ፤ 12 ቮልት ነው። የውሃና የዘይት ጌጆቹን በመሪው ዘንግ፣ ቮልቱን በመተርኮሻው ቦታ ለማድረግ ወስኛለሁ። ሰሌዳውን በካርቶን ቆርጬ መኪናው ላይ አይቼዋለሁ፤ በመሪው ክፍተት ውስጥ ጥሩ ሆኖ ይታያል፣ ጉልበትም አይነካም።

ሦስት ጥያቄዎች ይቀሩኛል። የውሃውን ሴንሰር የፋብሪካውን ሳልነካ የት ላስገባው? ሽቦዎቹስ አዲስ ቀዳዳ ሳያስፈልግ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ በየት ይግቡ? የጭስ ሙቀት ጌጁንስ ላስገባ ወይስ ልተው?

ሽቦ ሠራተኛ፣ ሶማሌ ተራ

የውሃው ሴንሰር ከላይኛው የራዲያተር ማኒኮቶ (የላስቲክ ቱቦ) መካከል በሚገባ የአሉሚኒየም ቁራጭ ቱቦ ላይ ይታሰራል። ማኒኮቶው ይቆረጣል፤ ማኒኮቶ ግን የሚለወጥ ዕቃ ስለሆነ አሮጌውን ይቁረጡና አዲሱን መለዋወጫ አድርገው ያስቀምጡት። ቱቦው በሁለት ላስቲክ መካከል ስለሚቀመጥ የራሱ የኔጌቲቭ ሽቦ ያስፈልገዋል። ይህ ቦታ ሁለት ጠባይ አለው፤ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ ደግሞ ሞተሩ እየጋለ ጌጁ ሊወርድ ይችላል። መርፌው ያለ ምክንያት ድንገት ሲወርድ ደስ አይበልዎ፤ ወዲያው ያቁሙ። የፋብሪካው ጌጅ ሴንሰሩ ሞተሩ ላይ ስለሆነ ሁለቱን አብሮ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ለሽቦው ከመኪናው ግድግዳ ላይ የኪሎሜትሩ ገመድ ወይም የፋብሪካው የሽቦ ጥቅል የሚያልፍበትን ላስቲክ ይጠቀሙ። ላስቲኩ ከደረቀ ይለውጡት፤ ሽቦውን በራሱ መከላከያ ቱቦ ውስጥ ያስገቡት፣ ከጭስ ማኒፎልዱም ያርቁት። የዘይቱን ጌጅ ኤሌክትሪክ ያድርጉት፤ ሜካኒካሉ ትክክለኛ ቢሆንም የጋለ ዘይት በቀጭን ቱቦ እግርዎ አጠገብ ድረስ ያመጣል።

የጭስ ሙቀቱን በተመለከተ፣ ተርቦ ለሌለው ሞተር ግዴታ አይደለም፤ ግን በእኛ ከፍታ ትርጉም አለው። የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ የናፍጣ ፓምፑ ለባሕር ጠለል እንደተስተካከለ ከቀረ ናፍጣው ይበዛል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። ማኒፎልዱን መብሳት ካልፈለጉ ወደ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) በሚወርደው ቱቦ ላይ፣ ለማኒፎልዱ በጣም ቀርቦ፣ ጥርስ ያለው ነት ያስበይዱ። ቱቦው የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ ንባቡ ግን ከማኒፎልዱ ዝቅ እንደሚል ይወቁ። የዚህ ሴንሰር ሽቦ ከተለየ ብረት የተሠራ ስለሆነ ቆርጦ በተራ መዳብ መቀጠል ቁጥሩን ያዛባል፤ ቢረዝም ጠቅልለው ይሰሩት። ቢሆንም ይህን ለጊዜው ያቆዩትና በመጀመሪያ ፓምፑን ያስተካክሉ።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን አስነሥተው ዘይትና ውሃ የሚያልፍባቸውን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በባትሪ መብራት እያዩ በንጹሕ ጨርቅ ይዳስሱ። ቮልቱ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። የፊት መብራቱን ሲያበሩ የሙቀቱ ወይም የዘይቱ መርፌ ከዘለለ የኔጌቲቩ ሽቦ ከቀለም በላይ ታስሯል ማለት ነው፤ ወደ ሞተሩ አካል ያዛውሩት። ሞተሩ ግሎ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የማኒኮቶውን ፋሸታዎች እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ ላስቲክ በመጀመሪያው ሙቀት ይረግባል።

የፒያሳው ባለ 40

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዳፕተሩንና ቲውን ቶርኖ ቤት አዝዣለሁ፤ የራዲያተሩን ክዳንም ገዝቻለሁ። ሴንሰሩን ከማስገባቴ በፊት በሚፈላ ውሃ ፈትኜው 93 አሳይቷል።